የእሽቅድምድም ፈረሶች ተከታታይ የልጆች መጻሕፍት፦ የአንባቢን አስተያየት እንዴት እንመዝን፣ የራሳችንንስ እንዴት እንጻፍ

ልጅዎ ፈረስ ወዳድ ከሆነች፣ አንድ ቀን ከቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ጀርባው ላይ ቁጥር የታተመበት ቀጭን መጽሐፍ ይዛ መምጣቷ አይቀርም። ቁጥሩ 1 ከሆነ መልካም ነው፤ ነገር ግን የተከታታይ መጻሕፍት የመጀመሪያው ቁጥር ሁልጊዜ በሌላ ልጅ እጅ ስለሚገኝ ዕድሉ ጠባብ ነው። እኛ ቤት የገባው 17ኛው ነበር። ልጄ ከመሐል ብትጀምር ታሪኩ ይገባት እንደሆነ፣ ለዕድሜዋም ይመጥን እንደሆነ ለማወቅ ሌሎች አንባቢዎች የጻፉትን ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘኋቸው አስተያየቶች ስለ አንድ ሥራ የተጻፉ አይመስሉም ነበር፤ ግማሾቹ የልጅነታቸውን ምርጥ ንባብ ያመሰግናሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ በታሪኩ መላላት ይማረራሉ። ቆይቶ እንደገባኝ ሁለቱም ወገኖች ትክክል ነበሩ። የሚናገሩት ግን ስለተለያዩ መጻሕፍት፣ በተለያየ ዕድሜያቸው ስላነበቧቸው ነገሮች ነው። ይህ መመሪያ እንዲህ ያሉትን አስተያየቶች እንዴት መመዘን እንደሚቻል፣ ከዚያም ለቀጣዩ ወላጅና ልጅ የሚጠቅም የራስን አስተያየት እንዴት መጻፍ እንደሚቻል ያሳያል። ለምሳሌነት የምጠቀመው በአሜሪካ የታተመውንና በእንግሊዝኛ የሚነበበውን "ቶሮብሬድ" የተሰኘ ተከታታይ ሥራ ነው፤ ስሙ ለእሽቅድምድም የተመረጠውና የተዳቀለው የፈረስ ዘር መጠሪያ ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሥራውን ስፋት ማወቅ ያስፈልጋል። ተከታታዩ በ1991 ጀምሮ በ2005 ሲያበቃ 72 ቁጥሮች ነበሩት። የጀመረችው ጆአና ካምቤል ስትሆን የኋለኞቹን መጻሕፍት ሌሎች ጸሐፍት ናቸው የጻፏቸው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በኬንታኪ ግዛት በሚገኝ የፈረስ እርባታ ውስጥ ስለምትኖር አሽሊ ስለተባለች ልጅ ይተርካል። የአሽሊ ቤተሰብ የራሱን እርባታ በፈረስ በሽታ ምክንያት ያጣ ነው። እርሷም ትኖራለች ተብላ ተስፋ ያልተጣለባትን ደካማ ውርንጭላ እየተንከባከበች ታሳድጋለች፤ ውርንጭላዋም ዎንደር ትባላለች። መጻሕፍቱ እየገፉ ሲሄዱ ሌሎች ልጆች ወደ መድረኩ ይመጣሉ፣ በመጨረሻም ታሪኩ ወደ አሽሊ ሴት ልጅ ይሻገራል። እንግዲህ 14 ዓመት የፈጀ፣ ከአንድ በላይ እጅ የነካው፣ ትውልድ የተሻገረ ሥራ በአንድ ቃል ጥሩ ወይም መጥፎ ሊባል አይችልም። ይህን የሚል አስተያየት ሲያጋጥምዎ ጸሐፊው የትኛውን ክፍል እንዳነበበ ሳያውቁ አይቀበሉት።

ስለዚህ አንድን አስተያየት ሲያነቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት የመጽሐፉን ቁጥር ነው። ዎንደር ከውርንጭላነት እስከ ውድድር የምትደርስባቸውን የመጀመሪያዎቹን 4 መጻሕፍት ብቻ ያነበበ ሰው አንድ የተሟላ ታሪክ አንብቧል፤ ምስጋናውም በአብዛኛው ከዚያ የሚመነጭ ነው። እስከ 40ኛውና 50ኛው የዘለቀ አንባቢ ደግሞ የገጸ ባሕርያቱ ዕድሜ ካለፈው መጽሐፍ ጋር መስማማቱን፣ የአንድ ፈረስ አባትና እናት በየቦታው አንድ ዓይነት መሆናቸውን፣ ቀደም ሲል የተጠላው ሰው ያለምክንያት ደግ መሆን አለመሆኑን እየተከታተለ ነው የሚያነበው። እንዲህ ያለው አንባቢ ሲማረር ማኩረፉ ሥራውን ስላወቀው ነውና ሊደመጥ ይገባዋል፤ ነገር ግን ቁጥር 1ን ለመጀመር ለተዘጋጀች ልጅ የእርሱ ቅሬታ ገና ሩቅ ነው። ቁጥር ያልጠቀሰ አስተያየት ቢያገኙ የገጸ ባሕርያቱን ስሞች ይመልከቱ። ስለ አሽሊ ልጅነት የሚያወራ ከሆነ መጀመሪያ ላይ፣ ስለ ልጇ የሚያወራ ከሆነ በኋለኞቹ ላይ እንዳለ ይረዳሉ።

ቀጥሎ የአስተያየት ሰጪውን ዕድሜ ይገምቱ። በዚህ ዓይነት መጻሕፍት ላይ አብዝተው የሚጽፉት በ1990ዎቹ ልጆች የነበሩና ዛሬ አዋቂ የሆኑ ሰዎች ናቸው። እነርሱ የሚገልጹት መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ያነበቡበትን ክረምት፣ የተዋሱባትን ጓደኛ፣ ኖሯቸው የማያውቀውን ፈረስ ጭምር ነው። ይህ ደስ የሚል ምስክርነት ቢሆንም ለዛሬ የ10 ዓመት ልጅ የሚሰጠው መረጃ ጥቂት ነው፤ ጥቅም የሚኖረው ጸሐፊው መጽሐፉን እንደ አዋቂ ዳግም አንብቦ ልዩነቱን ሲነግረን ነው። ወላጆች የሚጽፉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ቃላት ክብደት ነው። የልጆች አስተያየት አጭርና ያልተስተካከለ ይሆናል፤ እኔ ግን ከሁሉም አስቀድሜ የማነበው እርሱን ነው፤ ምክንያቱም ልጅ አንድን መጽሐፍ እንደወደደ የምናውቀው ቀጣዩን በመጠየቁ ስለሆነና ይህንንም ከልጁ በቀር ማንም ስለማይነግረን ነው። ኮከብ ብቻ ሰጥተው ያለፉትን በተመለከተ፣ የአባቶች ተረት ይበቃል፦ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። ኮከቡ እስከ መጽሐፉ ያደርስዎታል፤ ፍርዱ የእርስዎ ሥራ ነው።

ከቅሬታዎች ሁሉ የሚደጋገመውና ማጣራት የሚጠይቀው ታሪኩ ከእውነተኛው እሽቅድምድም ይርቃል የሚለው ነው። ይህን ለመመዘን የውድድሩን ጥቂት ሕጎች ማወቅ ይበቃል። በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ በቸርችል ዳውንስ ሜዳ የሚካሄደው ኬንታኪ ደርቢ ከ1875 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረግ ሲሆን፣ የሚሳተፉት 3 ዓመት የሞላቸው ፈረሶች ብቻ ናቸው፤ የሚሮጡትም 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰሜን አሜሪካ የዚህ ዘር ፈረሶች በየትኛውም ወር ቢወለዱ ዕድሜያቸው የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። ከእነዚህ ሁለት ሕጎች አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል፦ አንድ ፈረስ በሕይወቱ ደርቢን የሚሮጠው አንዴ ብቻ ነው። በዚያች ቀን የታመመ፣ ያነከሰ ወይም የዘገየ ፈረስ ሌላ ዕድል የለውም። በግንቦት የተወለደች ውርንጭላም በጥር ከተወለዱት ጋር እኩል ዕድሜ እንዳላት ተቆጥራ ትወዳደራለች። በልብ ወለዱ ውስጥ ያለው የጊዜ ጥድፊያ የደራሲ ፈጠራ የሚመስለው አንባቢ ይህን ሕግ ቢያውቅ ኖሮ ቅሬታውን ይተወው ነበር።

በአንጻሩ፣ ከአንድ እርባታ በየዓመቱ ሻምፒዮን ይወጣል ብሎ የሚያጉረመርም አንባቢ መሠረት አለው። ደርቢን፣ ፕሪክነስንና ቤልሞንትን፣ ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች፣ በአንድ ዓመት ያሸነፈ ፈረስ የሦስትዮሽ ዘውድ ባለቤት ይባላል፤ ከ1919 ጀምሮ እስከ 2018 ድረስ ይህን ያደረጉት 13 ፈረሶች ብቻ ናቸው። ከ1978 እስከ 2015 ድረስ፣ ለ37 ዓመታት፣ አንድም አልተገኘም። ደርቢን ያሸነፉ ሴት ፈረሶችም በ1915፣ በ1980 እና በ1988 የታዩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። አንዲት ባዝራ በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ውርንጭላ አትወልድም ማለት ይቻላል፤ የእርግዝናዋ ዘመንም 11 ወር ያህል ነው። በዚህ ዘር ደግሞ ሰው ሠራሽ ማዳቀል ስለማይፈቀድ ባዝራዋ ወደ ድንጉላው መወሰድ አለባት። ስለዚህ የአንዲት ባዝራ ልጆች ሁሉ አሸናፊዎች ሆነው ቢቀርቡ አንባቢው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ነገር ግን ፈጣን ድል ሁሉ ሐሰት አይደለም። አንድ አስተያየት ሰጪ ፈረስ በ10 የፈረስ ርዝመት ሊያሸንፍ አይችልም ቢልዎ፣ ሴክሬታሪያት በ1973 ቤልሞንትን በ31 የፈረስ ርዝመት ቀድሞ እንዳሸነፈና 2,400 ሜትር ያህሉን ርቀት በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ እንደጨረሰ ያስታውሱት። በዚህ ሙያ እውነታው አንዳንዴ ከልብ ወለዱ ይበልጣል፤ ደራሲዎችም ሳያፍሩ የሚያጋንኑት ለዚህ ይመስለኛል።

የመጽሐፉን የኅትመት ዓመት ከውድድሩ ታሪክ ጋር ማስተያየትም ፍርድን ይቀይራል። በኬንታኪ ደርቢ የጋለበች የመጀመሪያዋ ሴት ዳያን ክረምፕ ናት፤ ዓመቱ 1970 ነበር። ከሦስቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ጁሊ ክሮን ስትሆን፣ በ1993 ቤልሞንትን ኮሎኒያል አፌር በተባለ ፈረስ አሸነፈች። የተከታታዩ የመጀመሪያ መጽሐፍ የወጣው በ1991 ነው። ስለዚህ በዚያን ጊዜ አንዲት ልጅ ከሦስቱ በአንዱ ጋልቤ አሸንፋለሁ ብላ ስታልም፣ በእውነተኛው ዓለም ማንም ሴት ገና ያላደረገችውን እያለመች ነበር። የዛሬ አንባቢ ይህ ሕልም የተለመደ መስሎት ሲያልፈው፣ የያኔዋ አንባቢ ልቧ ለምን እንደመታ አይታየውም። እኔ ይህን ከተረዳሁ በኋላ የአዋቂዎቹን ትዝታ ከዚህ በፊት በናቅሁት መጠን አልናቅሁትም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ስለ ፈረስ በሚተርኩ የልጆች መጻሕፍት ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ከሚሰጡት ብዙዎቹ ምክንያታቸው የአንድ ፈረስ መሞት ወይም መጎዳት ነው። ይህን ሲያነቡ ሁለት ነገሮችን ይለዩ፦ መጽሐፉ በደንብ አልተጻፈም የሚለውንና መጽሐፉ አሳዘነኝ የሚለውን። ሁለተኛው ስለ ልጅዎ ማወቅ ያለብዎ ነገር እንጂ በመጽሐፉ ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። የእሽቅድምድም ፈረስ ታሪክ ከጉዳት ሊርቅ አይችልም። ሩፊያን የተባለችው ሴት ፈረስ 10 ውድድር ሮጣ 10ሩንም ካሸነፈች በኋላ፣ በጁላይ 1975 ከዓመቱ የደርቢ አሸናፊ ጋር አንድ ለአንድ ስትሮጥ እግሯ ተሰበረ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ማትረፍ አልተቻለም። ባርባሮ በ2006 ደርቢን ባሸነፈ በሁለት ሳምንቱ በፕሪክነስ እግሩ ተሰብሮ፣ ለወራት ታክሞ፣ በጃንዋሪ 2007 ሞተ። ልጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁት ለምን በጄሶ አስረው አላዳኑትም የሚል ነው፤ መልሱን ይዘው ቢቀርቡ መልካም ነው። እስከ 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን እንስሳ እንደ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ሊያገግም አይችልም። በተሰበረው እግር ላይ መቆም ሲያቅተው ክብደቱን በቀሩት እግሮች ላይ ይጥላል፤ ያን ጊዜ የጤነኞቹ ኮቴዎች ውስጠኛ ክፍል ይቆጣና ከአጥንቱ ይላቀቃል። ባርባሮን የጣለውም ስብራቱ ብቻ ሳይሆን ይኸው የኮቴ ሕመም ነበር። መጽሐፉ ይህን ለልጅ በሚገባ ቋንቋ የሚያስረዳ ከሆነ ማሳዘኑ ጉድለት አይደለም። ሞቱን ለማስለቀስ ብቻ አምጥቶ ምክንያቱን የሚዘል ከሆነ ግን ቅሬታው ተገቢ ነው።

ይህን ሁሉ መዝነው፣ ልጅዎም አንብባ ከጨረሰች በኋላ፣ የራስዎን አስተያየት ለመጻፍ ጊዜው ደርሷል። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የመጽሐፉን ቁጥር፣ ያነበበውን ሰው ዕድሜና የንባቡን ሁኔታ ይግለጹ፤ ልጅ ብቻዋን ያነበበችውና ወላጅ ጮክ ብሎ ያነበበላት መጽሐፍ አንድ ዓይነት አይደሉምና። ለምሳሌ "በጣም ደስ የሚል መጽሐፍ ነው፣ ሁሉም ሊያነበው ይገባል" የሚለው አስተያየት ለማንም ምንም አይነግርም። በአንጻሩ "ቁጥር 1ን የ10 ዓመት ልጄ ብቻዋን በአራት ቀን ጨረሰችው፤ የእርባታውና የውድድሩ ቃላት መጀመሪያ ላይ አስቸግረዋት ነበር፣ ውርንጭላዋ ታማ በጋጣ ውስጥ የምታድርበትን ክፍል ግን ሁለት ጊዜ አንብባዋለች" ቢሉ፣ ሌላው ወላጅ መጽሐፉን ገና ሳይገልጠው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ከዚያ በኋላ አንድ ትዕይንት ይምረጡና በእርሱ ላይ ይቆዩ። ስለ ፈረስ መጽሐፍ የሚጽፉ ብዙ ሰዎች ስለ ልጅቷ ይጽፉና ፈረሱን ይረሱታል። እርስዎ ፈረሱ በመጽሐፉ ውስጥ እንደ ፈረስ ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ፦ ይፈራል ወይ፣ ይደክማል ወይ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ሲጥል ምን ማለቱ እንደሆነ ደራሲዋ ታውቃለች ወይ፣ ወይስ ሰው እንደሚያስበው እያሰበ ልጅቷ በፈለገችው ጊዜ ብቻ ይሮጣል? አሠልጣኙና ጋላቢው በየማለዳው ምን እንደሚሠሩ ተገልጿል ወይ? በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የጋላቢነት ፈቃድ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንደማይሰጥ ያስታውሱ፤ ገጸ ባሕርይዋ 13 ዓመቷ ሆኖ በይፋዊ ውድድር ብትጋልብ ያን ጊዜ ማንሣት ይገባዎታል። በእሽቅድምድም ሜዳ ሁሉ ያለውን ውርርድ መጽሐፉ እንዴት እንዳለፈው መናገርም ለብዙ ወላጆች ይጠቅማል።

የታሪኩን መጨረሻ አይግለጡ። የፈረስ ሞት ካለና ልጆችን ማስጠንቀቅ ከፈለጉ፣ የፈረሱን ስም ሳይጠሩ "በዚህ ቁጥር ውስጥ አንድ ፈረስ ይሞታል፤ ከልጅዎ ጋር አብረው ያንብቡት" ማለት ይበቃል። ያልወደዱትን ነገር ሲጽፉም በደራሲዋ ላይ ሳይሆን በገጹ ላይ ያተኩሩ፤ ከአንድ በላይ ጸሐፊ ባለበት ተከታታይ ሥራ የመጨረሻውን ጸሐፊ ጥፋት በመጀመሪያዋ ላይ መጫን የተለመደ በደል ነው።

በአማርኛ ለሚጽፉ አንድ ነገር ልጨምር። ስለ እነዚህ መጻሕፍት በአማርኛ የሚናገሩ ወላጆች ፈረሱን ሁሉ "ቡናማ"፣ "ጥቁር"፣ "ነጭ" እያሉ ሲገልጹ እሰማለሁ። ቋንቋችን ግን ለዚህ ድሃ አይደለም፤ ዳማ፣ ጉራቻና አምባላይ አሉ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ነው። ሴቷ ባዝራ፣ ያልተኮላሸው ወንድ ድንጉላ ነው። ልጄ እነዚህን ቃላት የሰማችው ከእኔ ሳይሆን ከአያቷ ነው። እርሱም በአዊ የአገው ፈረሰኞች ጥር 23 ቀን የሚያሳዩትን ግልቢያ አይቶ ያደገ በመሆኑ፣ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለውን ኮርቻ አይቶ ትንሽነቱ አስገርሞት ነበር። የፈረሶቹ ስምም አያትና ልጅን አነጋግሯል። በአሜሪካ የዚህ ዘር ፈረስ ስም ክፍተቶቹን ጨምሮ ከ18 ፊደላት ሊበልጥ አይችልም፤ ደራሲዎችም የእናትን ስም በልጅ ስም ውስጥ እያስገቡ ዘሩን ያሳያሉ። አያቷ ደግሞ በእኛ አገር ሰው በፈረሱ ስም እንደሚጠራ፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክም አባ ዳኘው እንደተባሉ ነገራት። እንዲህ ያለ ነገር በቤትዎ ከተነሣ በአስተያየትዎ ውስጥ ይግባ፤ በእንግሊዝኛ የጻፉት አንባቢዎች ይህን ሊነግሩን አይችሉም።

ጽሑፉን ከመጨረስዎ በፊት ለልጅዎ ያንብቡላትና የማትስማማበትን ታርም። የእኔን ስታርም ሁለት ኮከብ ቀንሳ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፦ ከመሐል መጀመር ይቻላል፣ ግን ማን የማን እናት እንደሆነች በወረቀት ላይ መጻፍ ያስፈልጋል የሚል። ከታች ቀኑን፣ ዕድሜዋንና የቆመችበትን ቁጥር አሰፈርን፤ ያን ጊዜ 23 ነበር።